የጋራዥ ጠረጴዛ ምን ይነግረናል?

በሐዋሳ በተካሄደው የቀድሞ ተመራቂዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር



 የንግግሬን ርዕስ ስልክላቸው ከአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት አንዷ ደውላ «ስለ ጠረጴዛ ግማሽ ሰዓት ይወራል እንዴ?» ብላኝ ነበር። እኔም «ይወራል፤ እንዲያውም ካላስቆማችሁኝ ምሳ ያልፋችኋል» አልኳት። እንግዲህ ሰዓቱን እሷ ትያዝልኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ላለፉት ዓመታት የድሮ ጋራዦችንና የነዳጅ ማደያ ሰርቪስ ቤቶችን ዕቃ እሰበስባለሁ። መኪና አይደለም የምሰበስበው። መኪናው የሚጠገንበትን ዕቃ ነው፦ ሞርሳ የታሰረበትን የሥራ ጠረጴዛ፣ ብሎንና ዳዶ የሚቀመጥበትን ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን፣ የዘይት ቆርቆሮ የሚደረደርበትን መደርደሪያ። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ትልቅ የሰብሳቢዎች ዓለም ነው፤ የድሮ ማደያ ምልክት ያለበት አንድ የብረት ካቢኔት በጨረታ ይሸጣል፣ ስለ ቀለሙና ስለ ማጠፊያው መጽሐፍ ይጻፋል። እኛ ዘንድ ግን ይኸው ዕቃ በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ይሰጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንድ አሮጌ የጋራዥ ጠረጴዛ ወይም ቁም ሣጥን ስታገኙ ከየት እንደመጣና መቼ ገደማ እንደተሠራ እንዴት እንደሚለይ ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ማወቅ ለሐዋሳ ልጆች ለምን እንደሚጠቅም ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጋራዥ ደረጃ ስናየው ግን ነገሩ የሰፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ወራሪው ጦር መንገድ እየጠረገ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪናዎችን አስገባ፤ መኪናው ደግሞ መጠገኛ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ «ላንቻ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከላንቺያ ነው። ጎረቤታችን አስመራ ውስጥ ደግሞ ጁሴፔ ፔታዚ የተባለው መሐንዲስ በ1938 እ.ኤ.አ. የነደፈው የፊያት ታሊዬሮ ማደያ አለ፤ አውሮፕላን መስሎ ክንፉን የዘረጋ ሕንፃ ነው። አስመራ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከታወቁት ሕንፃዎቿ አንዱ እሱ ነበር። አንድ የነዳጅ ማደያ ቅርስ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠራጠር ካለ ይህን ያስታውስ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በአሜሪካኖች እገዛ የአሜሪካ ማሽንና መሣሪያ ወደ አገር ገባ። በየከተማው የሼል፣ የሞቢል፣ የአጂፕና የቶታል ማደያዎች ተተከሉ። በዚያን ጊዜ ማደያ ማለት ነዳጅ ብቻ የሚቀዳበት ቦታ አልነበረም። ዘይት ይቀየራል፣ ግራሶ ይሞላል፣ ጎማ ይለጠፋል፣ ካንዴላ ይጠረጋል። ስለዚህ ከቀጂው ጀርባ አንድ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሣጥን የግድ ነበር።

የኛዋ ሐዋሳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይታ የመጣች ናት። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋዓለም ነበረች፤ ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ግን መንገድ ላይ ናት። ከዲላና ከይርጋዓለም ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው መኪና፣ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መኪና፣ ሁሉም በዚህ ያልፋል። የጭነት መኪና በሚያልፍበት ከተማ ደግሞ ሆቴል፣ ጎሚስታና ጋራዥ ተከታትለው ይመጣሉ። ከተማችንን ካቆሟት ሰዎች መካከል መካኒኮች አሉበት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ልየታው ልግባ። አንድ ዕቃ ሳገኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው «የየትኛው ድርጅት ነው?» ብዬ አይደለም። «ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብዬ ነው። አንዱ፣ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ ዕቃ ነው። ሁለተኛው፣ በሌላ ነገር ተጭኖ የመጣ ዕቃ ነው፤ ለምሳሌ የማሽን ማሸጊያ ሣጥን የነበረ ጣውላ። ሦስተኛው፣ እዚሁ በአገራችን ባለሙያ የተሠራ ነው። ሻጩ ሁልጊዜ አንደኛውን ይላችኋል። «የጣሊያን ነው» ካላለ ዋጋው አይወጣማ! ዕቃው ራሱ ግን አይዋሽም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ ነው።

አንደኛ፣ ሜትር ያዙ። የሜትሩን ሁለቱንም ጎን ተጠቀሙ፤ ሴንቲሜትሩንም ኢንቹንም። ቁም ሣጥኑ ወርዱ 91 ሴንቲሜትር ከግማሽ ገደማ፣ ጥልቀቱ 46 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ እንግዳ ቁጥር ይመስላል። በኢንች ስታዩት ግን 36 በ18 ነው፤ ስለዚህ በኢንች ከሚያስብ አገር፣ ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ፣ የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ልኩ 50፣ 100፣ 200 ሴንቲሜትር እያለ ከሄደ ወይ ከአውሮፓ ነው፣ ወይ እዚህ ከ1 በ2 ሜትር ላሜራ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ላሜራ የሚያባክን ባለሙያ ስለሌለ ልኩ ከሙሉ ላሜራ ጋር ይገጥማል።

ሁለተኛ፣ ብሎኑን ፍቱ። የምወደው ደረጃ ይህ ነው። የግማሽ ኢንች ብሎን ስታገኙ ጥርሱን በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ቁጠሩ። 12 ከሆነ የእንግሊዝ ነው፤ በ1841 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዊትወርዝ ያቀረበው ሥርዓት ነው። 13 ከሆነ የአሜሪካ ነው። ከግማሽ ኢንች ትንሽ ቀጥኖ 12 ሚሊሜትር ከሆነና በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ከግማሽ ገደማ ጥርስ ካለው ሜትሪክ ነው፤ ያ የጣሊያን፣ የጀርመን፣ ወይም የኋለኛው ዘመን ዕቃ ሊሆን ይችላል። መካኒኮቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። የእንግሊዝ ዳዶ በአሜሪካ ብሎን ላይ ሁለት ዙር ሄዶ ሲነክስባቸው «ፓሶው አይገጥምም» ይላሉ። በቃ፣ ልየታ ማለት ይኼው ነው።

ቪቶቹንም እዩ። ጭንቅላቱ ላይ አንድ ሰረዝ ያለው ቪት ዕድሜ አይናገርም፤ ዛሬም ይሠራል። የመስቀል ቅርፅ ያለው ግን ይናገራል። ሄንሪ ፊሊፕስ የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ አገር የደረሰው ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «በወረራው ጊዜ የገባ» የተባለ ካቢኔት ማጠፊያው ከመጀመሪያው በመስቀል ቪት የታሰረ ከሆነ ወሬውን ተጠራጠሩ።

ሦስተኛ፣ ብረቱን በጎን ብርሃን ተመልከቱ። ባትሪ ይዛችሁ ብርሃኑን አግድም ልቀቁበት። በላሜራው ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች ደብዝዘው ከታዩ ያ ላሜራ በርሜል ነበር። የ200 ሊትሩ በርሜል ወገቡ ላይ የሚንከባለልባቸው ሁለት ቀለበቶች አሉት። ክዳኑና ቂጡ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ ሲዘረጋ 180 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመትና ከ90 ሴንቲሜትር ትንሽ ያነሰ ወርድ ያለው ላሜራ ይወጣዋል። በመዶሻ የቱንም ያህል ቢደበደብ የቀለበቱ ጠባሳ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ዛሬም ይህን ሥራ ማየት ትችላላችሁ፤ በርሜሉ ምድጃም ሣጥንም በርም ሆኖ ይወጣል።

አራተኛ፣ እንጨቱ። እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ የዩኒቨርሲቲያችን አካል ነው፣ ምሩቃኑም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። የጣውላውን ጫፍ በስለታም ምላጭ አንድ ጥፍር ያህል አጽዱና በማጉያ መነጽር እዩት። ቀዳዳ ቀዳዳ የሚመስሉ ቱቦዎች ካሉት እንደ ዋንዛ፣ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት ወይም ባሕር ዛፍ ያለ ሰፊ ቅጠል ዛፍ ነው። ምንም ቀዳዳ ከሌለው ጽድ ወይም ዝግባ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ጥድ መሰል እንጨት ነው። ጽድ መሐሉ ቀይ ነው፣ ሲቆረጥም ይሸታል። ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ የዓመት ቀለበቱም ጎልቶ አይታይም። ከአውሮፓ የመጣው ግን በጋና ክረምት የሚፈራረቅበት አገር ስለሆነ ቀለበቱ ቁልጭ ብሎ ይቆጠራል። ጠረጴዛው ዝግባ ከሆነ ከሚላን አልመጣም ማለት ነው!

አምስተኛ፣ ምልክትና ጽሑፍ። የድርጅቶች ዓርማ የራሱ ታሪክ ስላለው እንደ ቀን ማኅተም ያገለግላል። የአጂፕ ባለ ስድስት እግር ውሻ የተወለደው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ውሻው ካለበት ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። የሼል ስም በዛጎሉ ላይ ተጽፎ ከሆነ የቀድሞው ነው፤ ስሙ ከዛጎሉ ወጥቶ ከሥሩ የወረደው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በዘይት ቆርቆሮ ላይ «ሶኮኒ ቫኩም» የሚል ካገኛችሁ ከ1955 እ.ኤ.አ. በፊት ነው፤ በዚያ ዓመት ኩባንያው ሶኮኒ ሞቢል፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሞቢል ኦይል ሆነ። ሞርሳ ወይም መፍቻ ላይ «ምዕራብ ጀርመን» ወይም «ጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ» የሚል በላቲን ፊደል ከተቀረጸ ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የምሥራቁ በብዛት የሚገኘው ኢፋ መኪና ይጠገንባቸው ከነበሩ ጋራዦች ነው። የመንግሥት ንብረት ከሆነ ደግሞ የንብረት ቁጥሩን ፈልጉ። «የንጉሠ ነገሥት መንግሥት» የሚል ካለበት ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነው፤ «ኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ» ካለ የደርግ ዘመን ነው።

ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ማደያዎች ባለቤት ሲቀይሩ ዕቃው ቀለም እንጂ ቦታ አይቀይርም። የሼል ማደያዎች ኦይል ሊቢያ፣ ቀጥሎ ደግሞ ኦላ ኢነርጂ ሲሆኑ አይተናል። አንድ ካቢኔት ላይ ከመሳቢያው ጀርባ ጥፍር በምታህል ቦታ ቀለሙን ደረጃ በደረጃ ብትገልጡ የባለቤቶቹን ቅደም ተከተል ልታነቡ ትችላላችሁ። ከፊት ለፊት ግን አትሞክሩት፤ አንዴ የተፋቀ አይመለስም።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ዕቃ ላሳያችሁ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ግቢው ለሕንፃ ሊፈርስ ከነበረ ጋራዥ ያገኘሁት ጠረጴዛ ነው። ቁራሌው በኦክስጅን ሊቆርጠው ሲል ነበር የደረስኩት። የግቢው ሰዎች በአንድ ድምፅ «ጣሊያን የሠራው ነው» አሉኝ። ጭኜ ወሰድኩትና መመርመር ጀመርኩ።

ላዩ ሰባት ሴንቲሜትር የሚወፍር ጣውላ ነው። ከወንዶ ገነት የተመረቀ ወዳጄ በመነጽር አይቶ ዝግባ ነው አለ። እግሮቹ የ«ሐ»ን ጎን የሚመስል እጥፋት ያላቸው ወፋፍራም ብረቶች ናቸው፤ በላያቸው ላይ ምንም የማይታሰርባቸው የሪቬት ቀዳዳዎች በመስመር ይታያሉ። የጭነት መኪና ሻሲ ነበሩ። ጣውላውን ከእግሮቹ ጋር ያሠሩት ስምንት የግማሽ ኢንች ብሎኖች ናቸው፦ ስድስቱ 13 ጥርስ፣ ሁለቱ 12 ጥርስ። ሁለቱ ኋላ የተተኩ እንደሆኑ ያወቅሁት ቀዳዳቸው ሰፍቶ በድርብ ሮንዴላ ስለተደገፈ ነው። ስድስቱ ቀዳዳቸው አንድ ብቻ፣ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። የአሜሪካ ብሎን ማለት ነው።

ከሥሩ አራት መሳቢያዎች አሉት። በባትሪ ሳያቸው የበርሜሉ ቀለበት ጠባሳ ወጣ። ሦስተኛውን መሳቢያ አውጥቼ ገልብጬ ሳየው ደግሞ ከታች ቢጫ ቀለም፣ በቢጫው ላይ ጥቁር እግሮች አሉ። ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው፣ ሁለቱ ላሜራው ሲቆረጥ ሄደዋል። ከጎናቸው ወደ ኋላ ዞሮ እሳት የሚተፋው አፍ ይታያል። የአጂፕ ውሻ!

እንግዲህ አንድ ላይ እናድርገው። አንድ ዕቃ ከተሠራባቸው የመጀመሪያ ክፍሎች መካከል ከመጨረሻው ወጣት አይበልጥም፤ ደንቡ ይህ ነው። ውሻው ከ1952 እ.ኤ.አ. በፊት ስለሌለ መሳቢያዎቹም ከዚያ በፊት አልነበሩም። ወረራው ካበቃ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እንጨቱ የአገር ቤት፣ ብረቱ ከሞተ መኪና፣ ላሜራው ከባዶ በርሜል፣ ብሎኑ ከአሜሪካ። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በየትኛውም ፋብሪካ ካታሎግ ውስጥ የለም። የሠራው ያገኘውን ሁሉ መግጠም የሚችል ሰው ነው።

«ጣሊያኖች እኮ ከወረራው በኋላም ቀርተው ጋራዥ ከፍተዋል፤ ከነሱ አንዱ ሠርቶት ቢሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጠረጴዛውን አናጢ ስም ማወቅ አልችልም። የሠራበትን ሰው ግን አውቀዋለሁ። በመሳቢያዎቹ ፊት፣ ከግራሶው ሥር፣ በነጭ ቀለም በቀጭን ብሩሽ የተጻፈ ነገር አገኘሁ፦ «ዳዶ»፣ «ሮንዴላ»፣ «ካንዴላ»፣ አራተኛው ላይ ደግሞ «ልዩ ልዩ»። ቃሉ ከጣሊያን ነው፣ ፊደሉ የኛ ነው። አጻጻፉ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ እጅ ነው፤ የ«ሮ» ቅጥያ እንደ ብራና ጽሕፈት ተስባ ወጥታለች። ዳዊት ደግሞ ወደ ጋራዥ የገባ ሰው ማለት ነው። እኔ ለዚህ መሳቢያ ስል ነው ይህን ሁሉ ዓመት በየጋራዡ የዞርኩት ብላችሁ አልዋሸሁም።

ስለ ማስመሰል አንድ ነገር ላንሳ። ካፌዎችና ሆቴሎች ለጌጥ ስለሚፈልጉት አንዳንድ ሰው በተራ ካቢኔት ላይ የድሮ ዓርማ እየሳለ ይሸጣል። መለያው ቀላል ነው። እውነተኛው ቀለም ከብረቱ ጋር ዝጓል፤ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ተነሥቶ ቀለሙን ፈንቅሎታል። አዲሱ ቀለም ግን በዝገቱ ላይ ተቀብቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ደግሞም መካኒክ በሚቆምበት በኩል ቀለሙ ማለቅ አለበት። ሃምሳ ዓመት ሰው ያልተደገፈው ጠረጴዛ ጠረጴዛ አይደለም።

ጤናችሁን በተመለከተ ይህን አደራ እላለሁ። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል። ቤንዚኑም ሊድ ነበረበት፤ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ሊድ ያለው ቤንዚን የቀረው በ2006 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ነው። በመሳቢያ ጥግ የሚገኘው ግራጫ አቧራ የድሮ ፍሬን ሸራ ከሆነ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደረቁን አትፋቁ፣ በአየር አትንፉ፣ በመጥረጊያ አታቡንኑ። በእርጥብ ጨርቅ አንሡ፣ ጭምብልና ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ግራሶውን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ በቀስታ አልሱት፤ ጽሑፍ ሊኖር ስለሚችል በሽቦ ብሩሽ አትጀምሩ። ዝገቱ ከቆመ ተዉት፣ ስስ ዘይት ወይም ሰም ቀቡትና ይብቃው። ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ናት፤ ርጥበቱ ለብረት፣ ምስጡ ለእንጨት አይራራም። እግሩን ከመሬት አንሥታችሁ ድንጋይ ላይ አቁሙት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። አንድ ጊዜ በከተማችን ዳር ወዳለ ጋራዥ ሄጄ ግሩም የሆነ ባለ አሥራ ስድስት መሳቢያ ቁም ሣጥን አየሁ። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፤ ዛሬም በእጃቸው ይሠራሉ። «ጋሼ፣ ይሽጡልኝ» አልኳቸው፤ ዋጋም ጠራሁ። ዝም ብለው ቆዩና «የኔ ልጅ፣ አንተ ይኼን ስትወስድ እኔ ብሎኔን የት ላስቀምጥ ነው? እጄ እኮ ሳያይ የሚያገኘው እዚያ ውስጥ ነው» አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል። የትኛው መሳቢያ የት እንዳለ ጣታቸው ያውቀዋል። ቁም ሣጥኑ ከሄደ ሥራቸው ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቤ ይህ ነው፦ በሥራ ላይ ያለ ዕቃ አልገዛም። ፎቶ አነሣለሁ፣ እለካለሁ፣ ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን እቀዳለሁ። ሥራ ሊያቆሙ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከብረት ዋጋ በላይ እንደሚያወጣ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ሰውየው ሳያውቅ በኪሎ ሒሳብ መግዛት ቅርስ ማዳን አይባልም።

አዛውንቱ ዕቃውን ባይሸጡልኝም ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ሰጥተውኛል። አሥራ ስድስቱን መሳቢያዎች አንድ በአንድ እያወጡ የእያንዳንዱን ታሪክ ነገሩኝ። ይኼኛው ከፊያት 682 የተረፈ ነው፣ ይኼኛው ላንድሮቨር፣ ያ ደግሞ ከዘመቻ ከተመለሰ ኢፋ። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ከየትኛው መኪና የትኛው ዕቃ ወደ የትኛው እንደሚገጥም በቃላቸው ያውቁታል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የለም። ልብ በሉ፣ ቁም ሣጥኑን ገዝቼ ወስጄው ቢሆን ኖሮ ባዶ ሣጥን ነበር የምወስደው።

ብዙ ጊዜ «ሐዋሳ አዲስ ከተማ ናት፣ ቅርስ የላትም» ሲባል እሰማለሁ። እንደ ጎንደር ግንብ፣ እንደ ሐረር ጀጎል የላትም፤ እውነት ነው። የስድሳና የሰባ ዓመት ከተማ ቅርስ ግን ሌላ መልክ አለው። የመጀመሪያው ትውልድ የሠራበት ዕቃ ነው። የዚያ ትውልድ ሰዎች ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ብዙዎቹም አልፈዋል። ከተማዋ እያደገች ነው፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ሕንፃው ይወጣል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ አንድ ግቢ ሲፈርስ አንድ ጠረጴዛ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል፤ ፌሮ ሆኖ ተመልሶ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይቀበራል። ሲያልቅ አያምር ይባላል፤ ሳያልቅ ነው መነጋገር ያለብን።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እለምናለሁ።

የመጀመሪያው ለሁላችሁም ነው። በየመጣችሁበት ከተማ፣ በዲላም ሆነ በሻሸመኔ፣ በሶዶም ሆነ በአርባ ምንጭ፣ አንድ የምታውቁት ጋራዥ አለ። ስትመለሱ ጎራ በሉና የጠረጴዛውን ፎቶ አንሡ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር፣ መሳቢያው ተገልብጦ። ርዝመቱን ለኩ፣ የባለቤቱን ስም፣ ዕቃው መቼና ከየት እንደተገኘ ጻፉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ለቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችን ነው። አንድ ክፍል፣ ካልተቻለም አንድ የወርክሾፕ ጥግ ይሰጠን። እኔ ያሉኝን አሥራ አንድ ጠረጴዛዎችና ቁም ሣጥኖች ያለ ምንም ክፍያ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ ቃሌ በዚህ መድረክ ይመዝገብልኝ። ተማሪዎች ቁሳቁስ ሲማሩ ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ዊትወርዝና ሜትሪክ ብሎን በእጃቸው ይዘው ቢቆጥሩ፣ ብየዳና ሪቬትን ጎን ለጎን ቢያዩ ይሻላል።

ሦስተኛው ለማኅበራችን ነው። እነዚያን አዛውንት መካኒኮች በመሰባሰቢያችን ላይ እንጋብዛቸው። ኮሌጃችን በ1968 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ትራክተርና አውቶቡስ ነበረው፤ ትራክተሩም አውቶቡሱም ይበላሽ ነበር፤ የሚጠግነውም ሰው ነበር። እኛ ዲግሪያችንን ይዘን በየፊናችን ስንሄድ እጁን በናፍጣ እየታጠበ የቀረ ሰው አለ። እሱም በዚህ ዓመት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጽ ይገባዋል።

የሰዓት ጠባቂዬ ዓይኗን እያፈጠጠችብኝ ነው። ያ ባለ አራት መሳቢያ ጠረጴዛ ከአዳራሹ በስተጀርባ፣ ቡና በሚፈላበት በኩል ቆሟል። በእረፍት ሰዓት ሄዳችሁ ሦስተኛውን መሳቢያ ገልብጣችሁ የውሻውን እግሮች መቁጠር ትችላላችሁ። ብሎኖቹን ግን እባካችሁ አትፍቱብኝ።